የማርቆሱ ሥራና የደምበጫው ሚኒባስ

ጡረታ መውጣቴን ያሳመነኝ ቦቲ ጫማዬ ነው። የሥራ ዘመኔን ሙሉ ክረምት ከበጋ ሳይደርቅ የኖረ ጫማ፣ በረንዳ ላይ በተቀመጠ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ደርቆ ተሰነጣጠቀ። ባለቤቴ ታደሰ አንስቶ ሊጥለው ሲል "ንካውና እንተያያለን!" አልኩት። ሳቀብኝ። እሱ መምህር ነበር፤ ጡረታ ሲወጣ ከሥራው የቀረው የእጁ ጽሑፍ ብቻ ስለሆነ የኔ ነገር ብዙም አይገባውም።

ሥራዬ ላሞችን ማዳቀል ነበር። ለማያውቅ ሰው ነገሩ እንዲህ ነው። ከምርጥ ኮርማ የተወሰደ ዘር በቀጫጭን ቱቦ ተሞልቶ፣ እጅግ ቀዝቃዛ ናይትሮጅን ባለበት ዕቃ ውስጥ ተቀምጦ ይመጣል። ላሟ ድራት ሲመጣባት፣ ማለትም ኮርማ ስትፈልግ፣ ባለቤቷ ይጠራኛል፤ እኔም ሄጄ ዘሩን በእጄ አደርስላታለሁ። ኮርማ የሌለው ገበሬ ጥሩ ወተት የምትሰጥ ጥጃ የሚያገኘው በዚህ መንገድ ነው። ስሜ ይታይሽ ቢሆንም በደምበጫ ዙሪያ በስሜ የሚጠራኝ ሰው ጥቂት ነው። ከሩቅ ሲያዩኝ "ኮርማዋ መጣች!" ነው የሚሉት። መጀመሪያ ሰሞን አኩርፌ ነበር። እየቆየሁ ስሄድ ግን ከአጥር ውጭ ሆኜ ራሴ "ኮርማዋ ነኝ፣ ውሻ ያዙልኝ!" ማለት ጀመርኩ።

ሴት መሆኔም ራሱን የቻለ ወሬ ነበር። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንድ ሽማግሌ በረታቸው በር ላይ ቆመው ከላይ እስከ ታች አዩኝና "ወንድ ጠፍቶ ነው አንቺን የላኩብኝ?" አሉኝ። "ላሟም ሴት ናት አባባ፣ አናፍርም፣ እንግባባለን" አልኳቸው። እያጉረመረሙ አስገቡኝ። ላሟ ስትወልድ ግን ሰፈሩን ሁሉ እየዞሩ "እኔ ያስገባኋት ልጅ" እያሉ ያወሩልኝ እሳቸው ነበሩ።

ሥራውን ያስተማሩኝ ጋሽ ይርጋ ናቸው። ሥልጠና ጨርሼ መጀመሪያ የተመደብኩት ደብረ ኤልያስ ነበር፤ እሳቸው እዚያ የቆዩ አዳቃይ ነበሩ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው ከጎን ላለ ሰው እንኳ በቅጡ የማይሰማ ሰው። በረት ሲገቡ መጀመሪያ ሰላም የሚሉት ላሟን ነው፤ ባለቤቱ ቀጥሎ ይደርሰዋል። እጃቸውን ጀርባዋ ላይ አሳርፈው "እንዴት አደርሽ" ይሏታል፤ እስክትረጋጋም አይነኳትም። አንድ ቀን ቸኩዬ የአንዷን ጅራት ሳብ ሳደርግ አዩኝና "ይታይሽ፣ ሰው ቤት ስትሄጂ በር አታንኳኪም?" አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ሳላንኳኳ ገብቼ አላውቅም።

ዘሩን ከናይትሮጅኑ አውጥተው ለብ ባለ ውሃ ያቀልጡታል። ውሃውን በቴርሞሜትር ከለኩት በኋላም የእጃቸውን አንጓ ነከር አድርገው ያረጋግጣሉ። የቀለጠውን ቱቦ ብርድ እንዳይመታው ሸሚዛቸው ውስጥ ከደረታቸው ያስጠጉትና ነው ወደ ላሟ የሚሄዱት። ስለ ላሟ የሚጠይቁት ደግሞ ባልየውን አይደለም። "የምታልባት ማን ናት? እሷን ጥሩልኝ" ይላሉ። ባልየው ደረቱን ነፍቶ መናገር እንደጀመረ በትሕትና ያቋርጡታል። የላም ወተት ድንገት ሲቀንስ፣ ላሚቱ ስትቅበጠበጥ፣ መኖዋን ትታ ወደ ውጭ ስታይ መጀመሪያ የምታውቀው አላቢዋ ናት። ይህንን ከሳቸው ወስጄ እስከ መጨረሻው ቀን ሠርቼበታለሁ፤ ብዙ ባሎችም ተቀይመውኛል።

በጊዜ ጉዳይ ግን ጋሽ ይርጋ ቀልድ አያውቁም። ጠዋት ድራት የታየባት ላም ከሰዓት በኋላ፣ ማታ የታየባት በማግሥቱ በማለዳ ትዳቀላለች። ካለፈ አለፈ። ሌላ ሦስት ሳምንት መጠበቅ ነው፤ እስከዚያ ላሟ እየበላች ባዶዋን ትከርማለች፣ ገበሬውም ከወተቱም ከጥጃውም ሳይሆን ይቀራል። ስለዚህ አዲስ ቦታ ሲመደቡ መጀመሪያ የሚያዩት ቢሮውን ሳይሆን መንገዱን ነበር። ወንዙ በክረምት ይሻገር እንደሆነ፣ በየትኛው ቀን ምን መኪና እንደሚያልፍ፣ ፈረስ የሚያከራይ ሰው ይኖር እንደሆነ ጠይቀው ሳይጨርሱ ወንበር እንኳ አይስቡም። እኔ ያኔ ወጣት ነኝ፤ ለምን እንዲህ እንደሚጨነቁ አይገባኝም ነበር።

አለቆች መጡ፣ ሄዱ። ከሪፖርት ሌላ ነገር የማይታየው አለቃ ነበረኝ፤ ናይትሮጅን ሲዘገይብን ራሷ ስልክ ይዛ የምትጨቃጨቅልን አለቃም ነበረችኝ፣ እግዜር ይስጣት። ታደሰን ሳገባ እሱ የሚያስተምረው ደምበጫ ስለነበር ወደዚያው ተዛወርኩ። ከከተማዋ ዳር፣ ከገበሬዎቹ ማሳ ጋር አጥር የምንጋራበት ቦታ ላይ አነስ ያለች ቤት ሠራን። ከዚያ በኋላ የሥራ ቦታዬና ቤቴ አንድ ሆኑ ማለት ይቻላል። ላሙ ድራት መጥቶባት የጮኸችበት ሰው ቢሮ አይሄድም፤ አጥሬ ጋ መጥቶ ይጣራል።

የማርቆሱ ሥራ የመጣው ሁለቱ ልጆቻችን ትንንሾች ሳሉ ነው። አቶ ሙሉጌታ የሚባሉ ሰው ከደብረ ማርቆስ ዳር ትልቅ የወተት ላሞች እርባታ ከፍተው ነበር። ስሜን ከሰው ሰምተው ራሳቸው መኪናቸውን ነድተው ቤቴ ድረስ መጡ። ያቀረቡልኝ ደመወዝ የመንግሥቱን እጥፍ ሊሆን ትንሽ ነው የቀረው። በማግሥቱ እርባታውን አሳዩኝ። ወለሉ ሲሚንቶ ነው፣ ቧንቧው በረቱ ውስጥ ነው፣ ላሞቹ በየተራቸው ታስረው ይጠብቃሉ። ጉልበቴ በጭቃና በዳገት መታመም ጀምሮ ነበርና ያንን ደረቅ ወለል ሳይ፣ እውነቴን ነው የምለው፣ እንባዬ ሊመጣ ምንም አልቀረውም።

ታደሰም ደስ አለው። ቤታችን አንድ መኝታ ክፍል ብቻ ነበረው፤ አራታችንም እዚያው ነበርን። በዚያ ደመወዝ ሁለት ክፍል እንደሚቀጠል ወዲያው ታየው። ማርቆስ ገብተን እንዳንኖር የቤት ኪራዩ ትርፉን ሊበላው ነው፣ ለሱም ዝውውር አልተገኘለትም። ስለዚህ እኔ ልመላለስ ተባባልን። ተቀምጠን አሰላነው። የሚኒባሱን መሄጃና መመለሻ፣ ከመናኸሪያ እስከ እርባታው የባጃጁን፣ የምሳውን ሁሉ ቀነስን። ታደሰ የሒሳብ መምህር ነው፤ ሁለት ጊዜ አስልቶ "ይኼ ሁሉ ወጥቶለትም ትርፍ ነው፤ ምን ትጠብቂያለሽ?" አለኝ። እኔም ክፍሎቹ ተሠርተው መስኮታቸው ጭምር ታየኝ።

ከመፈረሜ በፊት ጋሽ ይርጋን ላማክር ብዬ ሄድኩ። ጡረታ ወጥተው ማርቆስ ከልጃቸው ጋር ይኖሩ ነበር። የምሥራቹን ነገርኳቸው፤ ሒሳቡንም አስረዳኋቸው። እስክጨርስ ሰሙኝና፦

"መልካም ነው። ዛሬ በምን መጣሽ?" አሉኝ።

"በሚኒባስ ነው ጋሼ። ወዲያው ሞላ፣ ወዲያው ደረስኩ።"

"ዛሬማ ሰኞ ነው። በገበያ ቀን ሞክረሽዋል?"

"ኧረ አልሞከርኩም።"

"በበዓል ቀንስ? ዝናብ ሲወርድስ?"

እነሱንም አለመሞከሬን ነገርኳቸው።

"ላሟ ድራት ሲመጣባት ሰኞ ነው ማክሰኞ ነው አትልም እኮ። ፊርማሽን ከማኖርሽ በፊት መንገዱን በክፉ ቀኑ ሂጂበት። ካማረሽ ያኔ ፈርሚ፤ እኔም እመርቅሻለሁ" አሉኝ።

ቅር አለኝ። ደስታዬ ላይ ውሃ የቸለሱብኝ መሰለኝ። ግን የሳቸውን ቃል ጥዬ አላውቅም። አቶ ሙሉጌታን "ሳልፈርም አንድ ሳምንት ልሞክረው" ብዬ ጠየቅኳቸው፤ ፈቀዱልኝ። ከመሥሪያ ቤቴ የዓመት ፈቃድ ወሰድኩ፤ የኔን ቦታ የሚሸፍን ባልደረባ ከሌላ ቀበሌ ተመደበ።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት እንደ ሰርግ ነበሩ። ጠዋት ማርቆስ የሚሄድ ተማሪና ሠራተኛ ሞልቷል፤ ሚኒባሱ ወዲያው ይነሳል። በደረቅ ወለል ላይ ሠርቼ፣ እጄን በቧንቧ ውሃ ታጥቤ እመለሳለሁ። ለታደሰ "ጋሽ ይርጋ አርጅተዋል፣ ፍርሃት ገብቷቸዋል" ብዬዋለሁ።

ቀጥሎ የደምበጫ ገበያ ቀን መጣ። ያንን ቀን እኔና ታደሰ እንዴት እንደረሳነው ዛሬም ይገርመኛል፤ በየሳምንቱ ስንገበያይበት የኖርን ሰዎች ነን። በገበያ ቀን ጠዋት አገሩ ሁሉ ወደ ደምበጫ ነው የሚመጣው። በእግሩ፣ በፈረስ፣ በባጃጅ ይገባል እንጂ ከደምበጫ የሚወጣ ሰው የለም። እኔ ብቻ ነኝ ከገበያው ፊቴን ያዞርኩት። መናኸሪያው ውስጥ ከኋላ ወንበር ተቀመጥኩ። ከኔ ጋር አንድ ቄስና ዶሮ ያቀፈች አንዲት ሴት ብቻ አሉ። ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ "ማርቆስ አንድ ሰው! አንድ ሰው ብቻ!" እያለ ይጮኻል።

"የቱ ነው አንድ ሰው? መኪናው ባዶ አይደለም እንዴ!" አልኩት።

"እናቴ፣ ባዶ ነው ብል ማን ይመጣልኛል?" አለኝ።

ቄሱ ዳዊታቸውን አውጥተው መድገም ጀመሩ። ዶሮዋ እንቅልፍ ወሰዳት። እኔ ግን በውስጤ እሳት ነዶብኛል፤ ምክንያቱም ከእርባታው ከሁሉ የምትበልጠው ላም፣ ቦራ የሚሏት፣ ድራት እንደታየባት አላቢዋ ባለፈው ማታ ደውላ ነግራኛለች። በማለዳ መድረስ ነበረብኝ። ሚኒባሱ ሞልቶ ሲነሳ ፀሐይ ከፍ ብላለች። በየመንገዱ ጭነት እያወረደና ሰው እየለቀመ ሄዶ እርባታው ጋ ስደርስ ረፋዱ አልፏል።

ቦራ ዝም ብላ ታመሰኳለች። ጩኸቷ ቆሟል፣ ሌሎቹ ላሞች ሲጠጉባት ትሸሻለች። "አይ ይታይሽ፣ ስትጮኽ አድራ ነበር እኮ" አለችኝ አላቢዋ። ዘሩን አቀለጥኩ፣ ሥራዬን ሠራሁ፤ ምናልባት ብዬ። እጄ ግን ያኔውኑ ነግሮኛል። ኋላም ሳምንታት ቆይታ እንደገና ኮርማ ፈለገች፤ አልያዘችም ነበር። ያን ዕለት አቶ ሙሉጌታ ደግ ሰው ስለሆኑ አልተቆጡኝም። ባለመቆጣታቸው እኔ ይበልጥ አፈርኩ። ከዚያ በፊት ላም ያለፈችብኝ ወንዝ ሞልቶ ወይም ሰው ዘግይቶ ጠርቶኝ ነበር፤ በጊዜው ተጠርቼ፣ ዘሩም ዕቃውም ሳይጎድል፣ ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጬ ላም ስታልፈኝ የመጀመሪያዬ ነው። በዚያው ቀን ሲመሽ መኪና ውስጥ ሆኜ አለቀስኩ።

ቀጥላ ማርያም መጣች። በማርያም ቀን አያርሱም፣ አያጭዱም፤ አገሩ ከቤተ ክርስቲያን ነው። መናኸሪያ ስደርስ መኪናው ቆሟል፣ ሾፌሩ የለም። "የት ሄዶ ነው?" ብዬ ሻይ የምትሸጠዋን ጠየቅኋት።

"ቅዳሴ ነው ያለው፤ ሲያልቅ ይመጣል" አለችኝ።

ሾፌሩን በማርያም ቀን ለምን አስቀደስክ ብሎ የሚቆጣ ሰው የለም። እኔም ሄጄ አስቀደስኩ፤ ምን ላድርግ? ከሾፌሩ ጋር አብረን ወጥተን ተሳፈርን።

በሳምንቱ መጨረሻ ደግሞ ስመለስ ዝናብ ነበር። ከአማኑኤል ከተማ አለፍ እንዳልን ጎማ ፈነዳ። የሚቀየረውም ጎማ ነፋስ አልነበረውም። ሌላ መኪና አግኝተን ቤቴ ስገባ አመሻሽ ላይ ነው፤ እስከ ጉልበቴ ርሻለሁ። ትንሿ ልጄ በር ላይ ቆማ አየችኝና "እማዬ፣ ነገም ትመጪያለሽ?" አለችኝ። የምታናግረኝ እንደ እንግዳ ነው። 

ታደሰ ሰምቷታል። ፎጣ አምጥቶ ፀጉሬን አደረቀልኝ። በኋላ፦

"ሒሳቡን ተሳስቻለሁ" አለኝ።

"ምኑን? ታሪፉ ጨመረ እንዴ?"

"ታሪፉማ ልክ ነው። አንቺን አላስገባሁሽም" አለ።

የሚያጣው ነገር ሳይኖር ቀርቶ አይደለም እንዲህ ያለኝ። ሁለቱን ክፍል ከኔ ይልቅ የፈለጋቸው እሱ ነበር፤ መሠረቱ የት እንደሚቆፈር ሁሉ በግቢው ውስጥ ቆሞ አሳይቶኝ ነበር። ሆኖም "ተዪው" ብሎ እንኳ አላስጨነቀኝም፤ እንድወስን ተወኝ። ብዙ ነገር ሰጥቶኛል፣ ግን እንደዚያ ምሽት ያመሰገንኩት ጊዜ የለም።

አቶ ሙሉጌታ ዘንድ ሄጄ መልሴን ነገርኳቸው።

"ደመወዙ አነሰሽ?" አሉኝ።

"ኧረ እሱስ በዛብኝ። ርቀቱ ነው።"

"ስንት ሰው ይመላለስ የለም እንዴ!"

"የባንክ ሠራተኛ አርፍዶ ቢገባ ብሩ አይበላሽበትም። የኔ ሥራ ይበላሻል፤ ቦራን አይተዋታል" አልኳቸው።

አንገታቸውን ነቀነቁ። እኔም ባዶ እጄን አልሄድኩም። እዚያው ማርቆስ የሚኖር ጎበዝ አዳቃይ ጠቆምኳቸው። ለራሴ ደግሞ "ላሞቹ መያዝ አለመያዛቸውን የመመርመሩን ሥራ ስጡኝ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣሁ አይላችኋለሁ። እሱ ዛሬ ባይሆን ነገ ይታያል፤ ጽንሱ የትም አይሄድም" አልኳቸው። ሳቁ፤ መሳፈሪያዬንም ችለው ተስማሙልኝ። ብዙ ዓመት እንዲሁ ሠራን። ሚኒባሱ ቢዘገይም ባይዘገይም እኔ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ከሰው ጋር እጫወታለሁ፤ የሚያስቸኩለኝ ነገር ከሌለ ለካ መንገዱ ደስ የሚል መንገድ ነው። በዚያ ገንዘብ አንዱ ክፍል ተሠራ። ሁለተኛው እስከ ዛሬ በታደሰ ሐሳብ ውስጥ ነው ያለው።

ለጋሽ ይርጋ ልነግራቸው የሄድኩ ቀን ያወድሱኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። "እኔ መች ተዪው አልኩሽ? የደምበጫ ጭቃ ይሻለኛል ብለሽ ነው እንጂ!" ብለው ቀለዱብኝ። ከዚያ ግን እጄን ይዘው ለረጅም ጊዜ አልለቀቁኝም። ከሞቱ ቆይተዋል፤ ነፍሳቸውን በገነት ያኑርልኝ። ዘር ባቀለጥኩ ቁጥር የእጄን አንጓ ውሃው ውስጥ ስነክር አስታውሳቸው ነበር።

የማርቆሱን ቅጥር በተውኩ በሁለተኛው ወር፣ ክረምት ላይ እትዬ ውዴ መጡብኝ። ከማሳው ማዶ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ባላቸው የሞቱባቸው ሴት ናቸው። በሬዎቻቸውን ሸጠው መሬታቸውን ለእኩል አራሽ ሰጥተው፣ በገንዘቡ አንዲት የዲቃላ ዝርያ ጊደር ገዝተዋል። ያቺ ጊደር ሁለት ጊዜ ድራት መጥቶባት ሳትይዝ ቀርታለች። የመጀመሪያው እኔ ማርቆስ በተመላለስኩበት ሳምንት ነበር፤ እኔን የተካው ባልደረባ ከሩቅ ቀበሌ ሲደርስ ጊዜው አልፎ ነበር። ይህን የሰማሁት ዘግይቼ ነው፤ እሳቸው ቀድመው አላወሩብኝም። ሁለተኛው ደግሞ በሕመም ተኝቼ ሳለሁ። "አሁንም ካልያዘች ለሥጋ እሸጣታለሁ፤ መኖ ከየት አመጣለሁ?" ይሉ ነበር።

ያን ዕለት ገና ሳይነጋጋ፣ ዝናቡ እየወረደ፣ ነጠላቸውን በራሳቸው ላይ ጥለው አጥሬ ጋ ቆሙ።

"ይታይሽ! ልጄ! ማታ ጀምራ ትጮኻለች!"

ልብስ እንኳ በቅጡ አልለበስኩም። ዕቃዬን አንስቼ፣ የቤቴን በር እንኳ ሳልዘጋ፣ ማሳውን በድንበሩ ተሻግሬ ሄድኩ። ጊደሯ በጭቃ መሐል ቆማለች፤ ስጠጋት አልሸሸችም። እጄን ጀርባዋ ላይ አሳርፌ "እንዴት አደርሽ" አልኳት። ውሃው ለብ እስኪል እትዬ ውዴ ምድጃው ላይ እፍ ይላሉ፤ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ይታየኛል፣ የሚጸልዩ ይመስለኛል። ቱቦውን ከደረቴ አስጠግቼ መጣሁ፣ ሥራዬን በእርጋታ ጨረስኩ። ጊዜው ልክ ነበር። እጄም ነግሮኛል፤ ለሳቸው ግን አልተናገርኩም፣ ተስፋ ሰጥቶ መንሳት ክፉ ነው።

ጊደሯ ያዘች። ፋሲካ ሊደርስ ሲል ሴት ጥጃ ወለደች። እትዬ ውዴ አስጠርተውኝ ሄድኩ። ጥጃዋ በቀጫጭን እግሮቿ ልትቆም ትውተረተራለች፣ እናቷ ትልሳታለች፤ እትዬ ውዴ ይስቃሉ፣ ያለቅሳሉ፣ "ከዓይን ያውጣልኝ" ይላሉ። ከዚያ የነጠላቸውን ጫፍ ቋጠሮ ይፈቱ ጀመር።

"ምንድን ነው እትዬ?" አልኳቸው።

"ያን ጊዜ በዝናብ የመጣሽበት ነው። ማንም አዳቃይ ሲጠራ የመንገዱን ሒሳብ ይቀበላል፤ አንቺን የተካው ልጅም ተቀብሎኛል። አንቺ ብቻ ሳትቀበይኝ ሄድሽ። ጥጃዬን በዕዳ አላሳድግም፣ የመንገድሽን ያዢ" አሉኝ።

ዞር ብዬ ወደ ቤቴ አየሁ። ከማሳው ማዶ የቤቱ በር ክፍት ነው፤ ትንሿ ልጄ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ፀጉሯን ትፈታለች። ስታየኝ እጇን አነሳችልኝ።

"የቱን መንገድ እትዬ?" አልኳቸው።